ሰው ጉድጓድ ከመግባቱ በፊት

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ግንባታ ሥራ ነው።

ለወልድያ ሰው ግንባታ እንግዳ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ስታዲየም እዚሁ ነው የተሠራው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የታቀደው የባቡር ሐዲድ ሥራም በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ ነበር። ነገር ግን አደጋ የሚደርሰው በትልቅ ሥራ ላይ ብቻ አይደለም። መርሳ ላይ ለሁለት ክፍል ቤት መሠረት የሚቆፍር ሰውም አፈር ሊጫነው ይችላል።

ስለዚህ ሥራ ሳይጀመር እንጠይቅ። ምን ሊጎዳን ይችላል? ማንን? እንዳይጎዳን ምን ይደረግ? ማን ያድርገው? መቼ? መልሱን አስቦ መጻፍ የስጋት ግምገማ ይባላል። ስሙ ይከብዳል እንጂ ሥራው አይከብድም። ደመና ሲያይ ምርቱን ከአውድማ የሚያነሣ ገበሬ ይህንኑ ነው የሚያደርገው።

እስቲ የመሠረት ቁፋሮን እንውሰድ። ጉድጓዱ ከሰው ቁመት በላይ ሆኗል እንበል። የወጣው አፈር እዚያው አፋፉ ላይ ተከምሯል። ማታ ዝናብ ጥሏል። ግድግዳው ተሰንጥቋል። እዚህ ውስጥ ይገባል? አይገባም! ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ አንድ አንድ ሜትር የሆነ አፈር 15 ኩንታል ያህል ይመዝናል። እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ራሱ ከአፈር በላይ ቢሆን እንኳ መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። መረሬ አፈር ላይ የምትቆፍሩ በተለይ ተጠንቀቁ። መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል።

«ሄልሜት አድርጌያለሁ» የሚል ይኖራል። ሄልሜት ከላይ ለሚወድቅ ድንጋይ ደግ ነው። ለተናደ አፈር ግን ምን ያደርጋል? መጀመሪያ አደጋው ከምንጩ ይወገድ። የወጣውን አፈር ከአፋፉ ቢያንስ አንድ ሰፊ እርምጃ አርቁት። ግድግዳውን ቀጥ አድርጋችሁ አትቁረጡ፤ ወደ ኋላ አጋድሙት። ቦታ ከጠበበ በሳንቃና በአጣና ደግፉት። መውጫ መሰላልም ይግባ።

ወረቀቱ ላይ እንዲህ ጻፉ፦
አደጋው፦ የጉድጓድ መናድ።
የሚጎዱት፦ ቆፋሪዎችና አፈር የሚያመላልሱ ሴቶች።
መፍትሔው፦ አፈሩን ማራቅ፣ ግድግዳውን መደገፍ።
የሚያሠራው፦ ፎርማኑ።
ጊዜው፦ ዛሬ፣ ሰው ከመግባቱ በፊት።

ፊደል ለቆጠረ ሰው ይህ ከባድ አይደለም። የፎርማኑም ስም ይጻፍ። ስም ከሌለ ሁሉም «ሌላው ይሠራዋል» ይላል።

መሐንዲሱ ብቻውን ቢሮ ተቀምጦ አይጻፈው። ግንበኛው ይጠየቅ። ሲሚንቶ የምታቀብለው እህታችንም ትጠየቅ። የትኛው የባሕር ዛፍ መወጣጫ እንደሚወዛወዝ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪውን ግዴታ አለብህ ይለዋል። የሥራ ቦታው ለሠራተኛው ጤናና ደኅንነት አደጋ እንዳይሆን ማድረግ፣ ስለ አደጋው ማስረዳት፣ የአደጋ መከላከያ መስጠት የእሱ ነው። ሠራተኛውም አደጋ ሲያይ ለአሠሪው ማስታወቅ አለበት። እንዲያው «የቀን ሠራተኛ ነኝ፣ ምን አገባኝ» አይባልም።

ወረቀቱ አንዴ ተጽፎ አይቀመጥም። ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ጉድጓዱ በጠለቀ ጊዜ፣ ከባድ መኪና በአጠገቡ ማለፍ በጀመረ ጊዜ እንደገና ይታያል። አፈር ተንዶ ሰው ከተቀበረ ደግሞ ዘላችሁ አትግቡ። ሁለተኛው ናዳ አዳኙን ሊቀብር ይችላል። ሌሎቹን አውጡ፣ እርዳታ ጥሩ፣ የቀረውን ግድግዳ መጀመሪያ ደግፉ።