የሥጋ ማረፊያና የነፍስ ተስፋ
በናይሮቢ ስለ ተደረገው የቀብር ክርክር

ሰው በሞተ ጊዜ ሥጋው ወደ መሬት ይመለሳል፤ ነፍሱም ወደ ፈጣሪዋ ትሄዳለች፤ በመጨረሻም ቀን ሁለቱ በትንሣኤ ይገናኛሉ ብሎ ክርስቲያን ሁሉ ያምናል። በነፍስ ላይ የሚፈርድ እግዚአብሔር ብቻ ስለ ሆነ ምድራዊ ዳኛ በዚህ ነገር አይገባበትም። በሥጋው ምክንያት ግን ሚስትና ወንድም፣ ልጅና ዘመድ የሚካሰሱበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው ክርክር በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ በ1986 ዓ.ም. መጨረሻ ተነሥቶ እስከ ግንቦት 1987 ዓ.ም. ቆይቷል (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ነገሩ ሕዝብ ለሚያስተዳድር ሹምና ከአገሩ ርቆ ለሚነግድ ሰው ትምህርት ያለበት ስለ ሆነ ለአንባብያን እናቀርበዋለን።

ሟቹ ሲልቫኖ ሜሌያ ኦቲየኖ በናይሮቢ የታወቁ የሕግ ጠበቃ ነበሩ። ትውልዳቸው በምዕራብ ኬንያ በቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ ከሚኖረው ከሉኦ ሕዝብ ሲሆን የሕግ ትምህርታቸውን የፈጸሙት በህንድ አገር ነው። ኬንያ ነጻነቷን ባገኘችበት በ1963 ዓ.ም. የኪኩዩ ተወላጅ የሆኑትን ወይዘሮ ዋምቡይ ዋይያኪን በመንግሥት ሕግ አገቡ። ወይዘሮ ዋምቡይም ከስመ ጥር ቤተ ሰብ የተወለዱና በነጻነት ትግሉ የተካፈሉ ሴት ነበሩ። ባልና ሚስቱ ኑሯቸውን ያቋቋሙት በናይሮቢ ነው። ከተማይቱ በ1899 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሠራተኞች ሰፈር ሆና የተቈረቈረች ስለ ሆነች ነዋሪዎቿ ከየነገዱ ለሥራና ለንግድ የመጡ ናቸው። ስለዚህ በናይሮቢ ቤት ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ አገሬ የሚለው ሌላ ስፍራ ነው።

ኦቲየኖ ዲሴምበር 20 ቀን 1986 ዓ.ም. በድንገት ዐረፉ። ባለቤታቸው ከናይሮቢ ወጣ ብሎ በንጎንግ አጠገብ ማታሲያ በሚባለው ስፍራ፣ በራሳቸው እርሻ ላይ፣ ሊቀብሯቸው አሰቡ። የሟቹ ወንድምና ኡሚራ ካጌር የተባለው ጎሣቸው ግን ሬሳው በሲያያ አውራጃ ወደምትገኘው ወደ ትውልድ መንደራቸው ወደ ንያልጉንጋ ካልሄደ ብለው ተቃወሙ። ነገሩም ወደ ፍርድ ቤት ደረሰ።

የወይዘሮ ዋምቡይ ክርክር የሚከተለው ነበር። ባለቤታቸው የተማሩ፣ በከተማ የኖሩ፣ በክርስቲያን ሥርዓት ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሰው ስለ ሆኑ በነገድ ልማድ ሊዳኙ አይገባም፤ በማታሲያ ለመቀበርም በሕይወታቸው ሳሉ ፈቃዳቸውን ገልጸዋል። ጎሣው በበኩሉ የሉኦ ተወላጅ ከአባቶቹ መሬት ውጭ ከተቀበረ መንፈሱ ዕረፍት አጥቶ የቀሩትን ዘመዶቹን ያስጨንቃል የሚሉ ምስክሮች አቀረበ። በዚሁ ክርክር ሁለት የሉኦ ቃላት ብዙ ጊዜ ተነሥተዋል። «ኦት» ማለት ሰው የሚያድርበት ቤት ነው፤ «ዳላ» ማለት ግን በአባቶች ምድር በሥርዓት የተመሠረተ መኖሪያ ነው። በናይሮቢ ያለው ቤት ምንም ያህል ያማረ ቢሆን «ዳላ» ሊባል አይችልም፤ የሰውም መቃብር በ«ዳላው» ነው ተባለ። በእኛም ቋንቋ ቤትና አገር የተለያዩ ነገሮች ስለ ሆኑ ይህን ለመረዳት አይቸግረንም።

ዳኛ ቦሲሬ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1987 ዓ.ም. ለጎሣው ፈረዱ። የይግባኙ ፍርድ ቤትም ሜይ 15 ቀን ፍርዱን አጸናው። የኬንያ ተወላጅ የሆነ አፍሪካዊ በትምህርት፣ በከተማ ኑሮ ወይም በጋብቻ ከአባቱ ነገድ ሊወጣ አይችልም የሚል ነበር የውሳኔው መሠረት። ኦቲየኖ በሞቱ በ154ኛው ቀን፣ ሜይ 23፣ በንያልጉንጋ ተቀበሩ። ሚስታቸው በቀብሩ ላይ አልተገኙም።

እንግዲህ በዚህ ክርክር የክርስትና እምነት ወዴት ይቆማል ብሎ መጠየቅ ይገባል። ከሉኦ ሕዝብ ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ስለ ሆኑ ነገሩን በአማኝና በአረማዊ መካከል እንደ ተደረገ ጠብ አድርጎ መቍጠር ስሕተት ነው። ቅዱሳት መጻሕፍትም ለሁለቱም ወገን ምሳሌ ያቀርባሉ። ዮሴፍ በግብፅ ሹመትና ክብር ሳይጐድልበት ዐፅሙን ወደ አባቶቹ ምድር እንዲወስዱለት ወንድሞቹን አስምሏል፤ ዐፅሙም ከብዙ ዘመን በኋላ በሴኬም ተቀበረ። የሙሴን መቃብር ግን እስከ ዛሬ የሚያውቀው የለም፤ ስለዚህም ከእግዚአብሔር ዘንድ ያለው ክብር አልቀነሰበትም። የአባቶችን መቃብር መናፈቅ ነውር አለመሆኑን ከዮሴፍ እንማራለን፤ የዘለዓለም ሕይወት በመቃብር ስፍራ እንደማይወሰን ደግሞ ከሙሴ እንረዳለን።

ወንጌል ወደ ኬንያ በገባበት ዘመንም ይኸው ነገር ታይቷል። በሸዋ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የነበረው ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በ1843 ዓ.ም. ከምጽዋ ወደ ትግራይ ለመግባት ሲጓዝ ሚስቱ ሮዚና በሳሆ አገር በመንገድ ላይ ሴት ልጅ ያለ ጊዜዋ ወለደች። ሕፃኗ ወዲያው ስለ ሞተች «ዕንባ» ብሎ ሰይሞ በዚያው ቀበራት። በ1844 ዓ.ም. ወደ ሞምባሳ ተሻገረ፤ በዚያም በጁላይ ወር ሮዚናና ሁለተኛዪቱ ልጁ በወባ በሽታ ተከታትለው ዐረፉ። እነርሱንም በሞምባሳ ትይዩ ባለው የባሕር ዳር ቀበራቸው። ክራፕፍ ከዚህ በኋላ የስዋሂሊን ቋንቋ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ለማዘጋጀት በቃ። ከትውልድ አገሩ ርቆ ሦስቱን የቀበረ ሰው በተስፋ መሥራቱን አላቋረጠም።

ስለ ዘለዓለም የሚሰጠው ትምህርት በሰሚው ልብ እንዴት እንደሚያድር የመረመረው ኬንያዊው የነገረ መለኮት ሊቅ ጆን ምቢቲ ነው። በ1971 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የራሱ ወገን የሆነው የአካምባ ሕዝብ ሐሳቡን ወደ ኋላ ወደ አባቶቹ ዘመን የሚያዘነብል፣ ስለ ሩቅ መጪ ጊዜ ግን እምብዛም የማይናገር መሆኑን ጽፏል። ሌሎች ሊቃውንት ይህን አባባሉን ነቅፈውታል። ሆኖም ሚሲዮናውያኑ ያስተማሩት የሰማይና የገሃነም ነገር ብዙ ጊዜ እንደ ሥጋዊ አገር ብቻ ተወስዶ ምሥጢሩ እንደ ተሰወረ ማመልከቱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ከግእዝ በወረስነው ቃል ዓለም ማለት የምንኖርበት ምድርም፣ ፍጻሜ የሌለውም ዘመን ነው፤ ዘለዓለም የሚለው ቃል የተገኘውም ከዚሁ ነው። አንዱ ቃል ሁለቱን ስለ ያዘ አሳቡን ከስፍራ ወደ ዘመን ማሳደግ የተርጓሚና የመምህር ፈንታ ነው።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በመጽሐፈ ግንዘት መሠረት ሟቹ ይፈታል፤ ከዚያም በሦስተኛው፣ በሰባተኛው፣ በአርባኛው፣ በሰማንያኛው ቀንና በዓመቱ ይታሰባል። ፕሮቴስታንቶች ለሙታን የሚደረገውን ጸሎት አይቀበሉም፤ ካቶሊኮችም ነፍስ የምትነጻበት ስፍራ አለ ብለው ያስተምራሉ። ልዩነቱ ይህን ያህል ቢሆንም ሙታን ይነሣሉ በሚለው ሃይማኖት ሁሉም አንድ ናቸው። ባሕር የዋጠው መርከበኛ፣ በበረሃ የቀረ ነጋዴ፣ መቃብሩ የጠፋ ወታደር ከዚህ ተስፋ አይወጣም። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1879 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሞቶ በዊንድሶር ተቀብሯል፤ ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውንም ልመና የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 ዓ.ም. አልተቀበለውም። አገሩ ሊያስመጣው መፈለጓ ተገቢ ነው፤ ትንሣኤው ግን የዊንድሶርን ፈቃድ አይጠብቅም።

ከናይሮቢው ክርክር የምናገኘው ምክር ግልጽ ነው። እምነት የነፍስን ነገር ይጠብቃል፤ የሥጋው ነገር ግን ለሕያዋን የተተወ ስለ ሆነ ሕያዋን እንዳይጣሉበት ባለቤቱ አስቀድሞ ሊያሰናዳው ይገባል። ኦቲየኖ ኑዛዜ የሚጽፉ የሕግ ሰው ሳሉ ስለ ቀብራቸው የተጻፈ ቃል አልተገኘላቸውም። በጽሑፍ ቢገኝም ኖሮ ዳኞቹ ልማዱን አስበልጠው ይፈርዱ ይሆናል፤ ቢሆንም ሚስት በምስክር ላይ ብቻ ተመክታ ባልተከራከረች ነበር። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የኬንያ ሕገ መንግሥት ከእርሱ ጋር የሚቃረን ልማድ ሁሉ ዋጋ እንደሌለው ደንግጓል፤ ይሁን እንጂ በሐዘን ቤት የሚነሣውን ጠብ ሕግ ብቻውን አያበርደውም።

ስለዚህ ሸቀጡን የሚቈጥርና መዝገቡን የሚያስተካክል ሰው ከሚስቱና ከወንድሞቹ ጋር ተማክሮ የመቃብሩን ነገር በምስክር ፊት ይጻፍ። ሚስቱን ከወንድሞቹ ጋር አስታርቆ የሚሄድ ሰው ለነፍሱም ስንቅ ይዞ ሄደ ማለት ነው።