ሀዋሳ፦ ከሐይቁ ጋር መኖር

ሀዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ትገኛለች። የተቆረቆረችው በስሟ በሚጠራው ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስትመሠረት በፕላን ስለተቀየሰች ጎዳናዎቿ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ናቸው። መሬቷም ሜዳ በመሆኑ ብስክሌት ለተማሪውም ለሠራተኛውም የዘወትር መጓጓዣ ነው፤ ባጃጁ የቀረውን ይሸፍናል። ከተማዋ ዛሬ የሲዳማ ክልል መዲና ናት።

የፒያሳ ሰፈር እምብርት የቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ነው። በታኅሣሥና በሐምሌ 19 የሚከበረው ንግሥ ከየአገሩ ምእመናንን ይስባል፤ በእነዚያ ቀናት የሆቴል አልጋ ማግኘት ይቸግራል። ከዚሁ አደባባይ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ጎዳና ፍቅር ሐይቅ ወደተባለው የሐይቁ ዳርቻ በቀጥታ ያደርሳል። ይህ አቀማመጥ ለነዋሪው ትልቅ ጸጋ ነው። ከሥራ የወጣ ሰው ያለ ቀጠሮና ያለ ወጪ በእግሩ ወርዶ ውኃው ዳር ይደርሳል።

ፍቅር ሐይቅ በትልልቅ ዛፎች የተጠለለ የእግር መንገድ ነው። ማለዳ ሯጮች፣ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎች፣ ወደ ማታ ደግሞ ጥንዶችና ልጆቻቸውን የያዙ ወላጆች ይመላለሱበታል። ጀበና ቡና የሚያፈሉ ሴቶች ዱካቸውን ደርድረው ይጠብቃሉ። በጀልባ ወጥቶ ጉማሬ ለማየት የሚሻ ሰው ጠዋቱን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ውኃውን ያናውጠዋል።

የሐይቁ ዳር ሕይወት ጎልቶ የሚታየው ግን አሞራ ገደል በተባለው የዓሣ ገበያ ነው። ዓሣ አስጋሪዎች ማታ የዘረጉትን መረብ ሲነጋ ስበው በእንጨት ጀልባ ወደ ዳር ያመጣሉ። አብዛኛው ቆሮሶ ነው፤ አምባዛና ቢልጫም ይገኛሉ። ወጣቶች ቅርፊቱን ፍቀው፣ ሆዱን ከፍተው፣ ሥጋውን ከአጥንቱ የሚለዩበት ፍጥነት ለእንግዳ ዓይን አይጨበጥም። ከተመልካቹ ጉልበት በላይ የሚረዝሙት አባ ኮዳ የተባሉ ወፎች ትርፍራፊው እስኪወረወርላቸው በሰዎቹ መሀል ቆመው ይጠብቃሉ፤ ሰውም አይፈሩም። ፔሊካኖች ከውኃው ላይ፣ ጉሬዛና ጦጣ ከዛፉ ላይ ድርሻቸውን ያያሉ። ገበያተኛው የዓሣ ሾርባ ወይም የተጠበሰ ቆሮሶ ያዝዛል፤ የለመደው ደግሞ ጥሬውን በአዋዜ ይበላል። ሐኪሞች ጥሬ ዓሣ ጥገኛ ተውሳክ ሊያስተላልፍ እንደሚችል ያስጠነቅቃሉና ጥብሱን መምረጥ ይበጃል።

ከውኃው ራቅ ማለት ለሚፈልግ ታቦር ተራራ ቅርብ ነው። ጫፉ ላይ የወጣ ሰው ከተማዋንም ሐይቁንም በአንድ ዕይታ ያገኛቸዋል። በስተደቡብ አላሙራ የተባለው ተራራ አለ። ሐይቁ ዳር ያለው ጉዱማሌ ደግሞ የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጨምበላላ በድምቀት የሚከበርበት ሜዳ ነው፤ በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። ሰንበትን ከከተማ ውጭ ማሳለፍ ለፈለገ የወንዶ ገነት ፍል ውኃና ደን ሩቅ አይደሉም።

ሐይቅ ዳር መኖር የራሱ ዕዳ አለው። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ወባ ይበረታል፤ አጎበር በየቤቱ ያስፈልጋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሐይቁ ከልኩ አልፎ ወደ ሰፈሮች በመግባቱ በዳርቻው የአፈር መከላከያ ግድብ ተሠርቷል። ዛሬ ሰው ከሚናፈስበት መንገድ ከፊሉ የሚያልፈው በዚሁ ግድብ ላይ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የሐይቁ አፈጣጠር ነው። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጥቁር ውኃ የተባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ በዝናብ ጊዜ ከየሰፈሩ ቦይ ተጠርጎ የሚወርደው ቆሻሻ፣ ከተቋማት የሚለቀቀው ፍሳሽና ከተራቆተው ተፋሰስ የሚታጠበው አፈር መጨረሻቸው ሐይቁ ነው። ቀድሞ ደለሉን ያጠልል የነበረው የጨለለቃ ረግረጋማ ስፍራ በእርሻና በግጦሽ ተመናምኗል። ጠባብ ዓይን ያለው መረብም ገና ያልደረሰውን ቆሮሶ እየጠረገ ነው።

ሌላው ጥያቄ የዳርቻው ይዞታ ነው። ሪዞርቶችና ሆቴሎች ለከተማዋ እንግዳና የሥራ ዕድል አምጥተዋል፤ ሆኖም አጥር በታጠረ ቁጥር ነዋሪው በነፃ የሚደርስበት ዳር ይጠብባል። ደመወዙ ለሆቴል መናፈሻ የማይበቃ ቤተሰብ ያለው መዝናኛ ይኸው የሐይቅ ዳር መንገድ ነው። ስለዚህ ከዳርቻው የተወሰነ ርቀት ለሕዝብ እግረኛ መንገድና ለዛፍ ክፍት ሆኖ መጠበቅ አለበት፤ ቦዮቹም ውኃቸው ሐይቁ ከመግባቱ በፊት ደለልና ፕላስቲክ የሚያስቀሩ ማጣሪያዎች ሊሠሩላቸው ይገባል።