ሰጪዎች ሲተባበሩ ጠያቂው ምን ያገኛል?

በካምፕ ውስጥ ኮሚቴ ሆኖ ፕሮፖዛል ጽፎ የማያውቅ አለ ለማለት ያስቸግራል። ለመጻሕፍት መደርደሪያ፣ ለማታ ትምህርት መብራት፣ ለሴት ተማሪዎች ማጠናከሪያ ትምህርት እያልን ስንጽፍ ኖረናል። ችግሩ ግን አንዱ ለጋሽ ሁለት ገጽ ይበቃል ሲል ሌላው ሃያ ገጽ ይፈልጋል። አንዱ የበጀት ሠንጠረዥ፣ ሌላው የኦዲት ሪፖርት ይጠይቃል። እኛ መምህራንም ከክፍል ወጥተን ያንኑ ታሪክ በአምስት ዓይነት ፎርም ስንሞላ እናመሻለን።

አንድ ጊዜ የእኛ ኮሚቴ ለማጠናከሪያ ትምህርት የአንድ ዓመት ድጋፍ አግኝቶ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ለጋሹ ሄደ። ሌላ መጣና ሥራው እንደ አዲስ እንዲጠና ጠየቀ። ጥናቱ እስኪያልቅ ክፍሉ ተዘጋ፣ ተማሪዎቹም ተበተኑ። ሁለቱ ለጋሾች ቢነጋገሩ ኖሮ እኮ ይህ ሁሉ ባልመጣ!

ለመሆኑ ለጋሾች የሚነጋገሩበት ቦታ አለ? አዎን፣ አለ። በ2003 እ.ኤ.አ. የምሥራቅ አፍሪካ ለጋሽ ድርጅቶች ማኅበር ተቋቁሟል። ጽሕፈት ቤቱ ናይሮቢ ሲሆን፣ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ አባላትን ያሰባሰበ ነው። በኋላ ስሙን ለውጦ የምሥራቅ አፍሪካ የበጎ አድራጎት ኔትወርክ ተብሏል።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እናርም። ብዙ ሰው የእንዲህ ዓይነት ማኅበር ስም ሲሰማ ወዲያው የገንዘብ መጠየቂያ ደብዳቤ ይጽፋል። ማኅበሩ ግን የለጋሾች መሰብሰቢያ ነው። ገንዘቡ ያለው በየአባሉ እጅ ነው። ስለዚህ ጥያቄው መሄድ ያለበት ወደ አባል ድርጅቱ ነው።

ታዲያ አንድ ለጋሽ ድርጅት መዋጮ ከፍሎ አባል መሆኑ ምን ይፈይድለታል? ለእኛስ?

1ኛ/ ማን የት እንደሚሠራ ያውቃል። ለጋሾች ካልተነጋገሩ አንድ ትምህርት ቤት ከሁለት ወገን ደብተር ይሰጠውና ጠመኔ ያጣል። የጎረቤቱ ትምህርት ቤት ደግሞ ሁለቱንም አያገኝም። ቢነጋገሩ ግን አንዱ ደብተሩን፣ ሌላው ጠመኔውን ይይዛል።

2ኛ/ ከሌላው ይማራል። አዲስ ለጋሽ የነባሩን ስሕተት መድገም የለበትም። ለምሳሌ ከስደተኛ ተማሪ የቀድሞ ትምህርት ቤቱን ኦሪጂናል ሰርተፊኬት መጠየቅ ብዙዎችን ያስቀራል። ከጦርነት የሸሸ ልጅ ሰርተፊኬቱን ይዞ ላይወጣ ይችላል። ይህን ችግር በመግቢያ ፈተና የፈታ አንድ አባል ቢኖር ዘዴውን ለሌሎቹ ያካፍላል።

3ኛ/ የወረቀት ሥራ ይቀንሳል። በአሜሪካ በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ የሚሠሩ ለጋሾች ማኅበር የጋራ ማመልከቻ ፎርም አዘጋጅቶ ነበር። አመልካቹ አንድ ጊዜ ይጽፋል፣ ፎርሙን የተቀበሉ ለጋሾችም ያንኑ ያነባሉ።

4ኛ/ በሕግ ጉዳይ ድምፅ ያገኛል። ኬንያ የሕዝብ ጥቅም ድርጅቶች ሕግን ያወጣችው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ግን በግንቦት 2024 ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ለሚጎተት ጉዳይ አንድ ድርጅት ብቻውን ደጅ ቢጠና ይደክመዋል። ብዙ ሆነው ሲጠይቁ ግን አንዱ ቢደክም ሌላው ይቀጥላል።

5ኛ/ ትልቁን ሸክም ይካፈላል። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። የብዙ ለጋሾች በጀት ደግሞ በየዓመቱ የሚታደስ ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ገንዘብ የተቋረጠበት ተማሪ ባዶ እጁን ወደ ካምፕ ይመለሳል። በጀርመን መንግሥት ገንዘብ በ1992 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የዳፊ ስኮላርሺፕ ብዙ ስደተኞችን አስተምሯል። ሆኖም የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን እስከ 2030 ከስደተኛ ወጣቶች 15 በመቶው ከፍተኛ ትምህርት እንዲደርሱ ያስቀመጠውን ግብ አንድ ፕሮግራም ብቻውን አይወጣውም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ነው።

እርግጥ ጉዳትም አለው። መዋጮውና ስብሰባው ለትናንሽ ድርጅቶች ይከብዳል። ለእኛ ደግሞ የሚያሰጋው ሌላ ነገር ነው። ለጋሾች እርስ በርስ ሲነጋገሩ የአንዱ መጥፎ አስተያየት ለሁሉም ሊደርስ ይችላል። አንድ ሪፖርት ያዘገየ ኮሚቴ በአንድ በር ተከልክሎ ሁሉም በሮች ሊዘጉበት ይችላሉ። ስለዚህ ጥያቄያችን ውድቅ ሲሆን ምክንያቱ ይነገረን፣ መልስ የመስጠት ዕድልም ይኑረን ማለት ይገባናል። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

እንግዲህ እኛስ ምን እናድርግ?

ሀ/ የምዝገባ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የወጪ ደረሰኝና የቀድሞ ሪፖርቶችን በአንድ ፋይል እንያዝ። ማንኛውም ፎርም የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ እነዚህኑ ነው።

ለ/ ለጋሽ ሲመጣ «የማን ማኅበር አባል ናችሁ? ለሌላ የጻፍነውን ፕሮፖዛል ትቀበላላችሁ? ዓመቱ ሲያልቅ ለማን ታስረክቡናላችሁ?» ብለን በትህትና እንጠይቅ። ሦስተኛው ጥያቄ ቀደም ብሎ ቢጠየቅ ኖሮ የእኛ ክፍል ባልተዘጋ ነበር።

ሐ/ ለጋሾች ይተባበሩ ስንል እኛም እንተባበር። በካኩማም ሆነ በዳዳብ የኢትዮጵያ፣ የደቡብ ሱዳን፣ የሶማሊያና የኮንጎ ልጆች በአንድ ክፍል ይማራሉ። የወላጅ ኮሚቴዎች ግን በየማኅበረሰባቸው ተለያይተው ለአንድ ጥቁር ሰሌዳ አራት ደብዳቤ ከጻፉ፣ ለጋሹ አራት ትናንሽ ጥያቄ ብቻ ነው የሚያየው። አንድ ላይ ተፈራርመው ቢያቀርቡት የአንድ ትምህርት ቤት ጥያቄ ይሆናል።

እድር የምናውቅ ሰዎች ነን። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ የሁሉም ስለሆነ ነው ሐዘን የደረሰበት ሰው ብቻውን የማይቀረው። ለጋሾችም የራሳቸው እድር አላቸው። የእኛም የትምህርት እድር ከዚህ ተርም ይጀመር።