ጥቃቅን ቀዳዳዎችና የድምፅ ልኬት በወላይታ ሶዶ

በ1995 ዓ.ም የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ለድምፅ መጠንም ደረጃ እንዲወጣ ደንግጓል። ይህን ለመለካት የሚያገለግል መሣሪያ ትክክለኛነት ከሚወሰንባቸው ነገሮች አንዱ በዓይን ለመለየት የሚያዳግቱ ቀዳዳዎች ናቸው።

በእጅ ስልክና በአነስተኛ የድምፅ መለኪያዎች የሚገኘው ጥቃቅን ማይክሮፎን በድምፅ የሚርገበገብ ስስ ሽፋንና እንደ ወንፊት የተበሳሳ ዝርግ አለው። ሽፋኑ ሲርገበገብ በመካከል ያለው አየር በቀዳዳዎቹ ያልፋል። አየር ጠጣር አካልን ሲነካ በሰበቃ ይዘገያል። በሴኮንድ 1ሺህ ጊዜ ለሚርገበገብ ድምፅ ይህ የሚዘገየው የአየር ንጣፍ 0 ነጥብ 07 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ሲኖረው፣ የቀዳዳዎቹ ስፋት ግን በሺህኛ ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው። በመሆኑም ሰበቃን የሚተወው የተለመደ የድምፅ ስሌት እዚህ አይሠራም።

ቀዳዳዎቹ ሲጠቡ ሰበቃው የማይፈለግ ድምፅ ይፈጥራል፤ ሲሰፉ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምልክቱ ይዳከማል። ባለሙያዎች ሚዛኑን የሚያገኙት የአንዱን ቀዳዳ ባሕርይ አስልተው ለዝርጉ በሙሉ በሚያውል የኮምፒውተር ሞዴል ነው።

ስሌቱ ከፍታንም ይመለከታል። ከባሕር ጠለል በላይ 2ሺህ ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ወላይታ ሶዶ የአየር ግፊት በ20 በመቶ ያህል ያንሳል፤ የአየሩ ውስጣዊ ሰበቃ ግን እምብዛም አይለወጥም። ልዩነቱ በስልክ ንግግር ላይታወቅ ይችላል። መለኪያ የሚገዙ መሥሪያ ቤቶች ግን መሣሪያው ለአካባቢው ከፍታ መስተካከሉን አስቀድመው ሊያረጋግጡ ይገባል።