ከ«502» ጀርባ፦ ኤንጂንኤክስን እንተዋወቀው

ኮዱ በላፕቶፕ ላይ ያለ አንዳች እንከን ይሠራ ነበር። ሰርቨር ላይ ሲወጣ ግን ባዶ ነጭ ገጽ፣ መሃሉ ላይ «502 ባድ ጌትዌይ»፣ ከሥሩ በትንሹ «ኤንጂንኤክስ»። ብዙ ጀማሪ ከዚህ ሶፍትዌር ጋር የሚተዋወቀው እንዲህ በክፉ ቀን ስለሆነ ጥፋተኛው እሱ ይመስለዋል። እንዲያውም 502 ኤንጂንኤክስ በሥራው ላይ እንዳለ ማስረጃ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የወደቀው ከኋላው ያለው የጃንጎ ወይም የኖድ ፕሮግራም ነው። 504 ከሆነ ደግሞ ፕሮግራሙ አለ፣ ግን በተሰጠው ጊዜ አልመለሰም። ካልተቀየረ በቀር ያ ጊዜ 60 ሰከንድ ነው።

ኤንጂንኤክስ የተባለውን የዌብ ሰርቨር ሶፍትዌር የጻፈው ሩሲያዊው ኢጎር ሲሶዬቭ ነው። ራምብለር በተባለው የሩሲያ የኢንተርኔት ኩባንያ እየሠራ እ.ኤ.አ. በ2002 ጀመረው፤ በ2004 ለሕዝብ ለቀቀው። የዘመኑ ራስ ምታት አንድ ሰርቨር 10,000 ሰው በአንድ ጊዜ እንዴት ያስተናግድ የሚለው ነበር። ያኔ የዌብ ሰርቨር ገበያውን የያዘው አፓቼ ለእያንዳንዱ ግንኙነት አንድ ፕሮሰስ ወይም ትሬድ ይመድብ ነበር፤ ለገባው ደንበኛ ሁሉ አንዳንድ አስተናጋጅ እንደሚቀጥር ካፌ ማለት ነው። ኔትወርኩ የሚጎተትበት ደንበኛ ገጹ ወርዶለት እስኪያልቅ የተመደበለትን ይዞ ይቆያል፣ ሚሞሪም ያልቃል። ኤንጂንኤክስ ግን ጥቂት ዎርከሮች (የሥራ ፕሮሰሶች) ብቻ አሉት፤ እያንዳንዱ ዎርከር በሺህ የሚቆጠሩ ግንኙነቶችን ይዞ፣ ዝግጁ የሆነውን ብቻ እያነሳ ይሠራል። የሚጠብቅ ደንበኛ አያስረውም።

ዛሬ ዋና ሥራው ከፕሮግራሙ ፊት መቆም ነው። ምስጠራውን እሱ ይፈታል፣ ምስልና ሲኤስኤስ ራሱ ያድላል፣ የቀረውን ወደ ኋላ ያሳልፋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይረሳል። የጎብኚው አይፒ አድራሻ በሄደር ካልተላለፈ ከኋላ በዚያው ሰርቨር ላይ ያለው ፕሮግራም ሰውን ሁሉ ከ127.0.0.1 የመጣ አድርጎ ያያል። አንድ አጥፊ ለማገድ ሲሞከር ሁሉም አብሮ ይታገዳል።

ማዋቀሪያ ፋይሉ አጭር ነው፤ አንድ ሴሚኮለን ከጎደለ ግን አይምርም። ከነካኩት በኋላ መጀመሪያ የመሞከሪያ ትዕዛዙን ማስኬድ ነው፤ ስህተቱ በየትኛው ፋይል፣ በስንተኛው መስመር እንዳለ ይናገራል። ቀጥሎ «ሪሎድ» እንጂ «ሪስታርት» አይደለም። ሪሎድ ሲባል አዲስ ዎርከሮች ይነሳሉ፣ አሮጌዎቹ የጀመሩትን ጨርሰው ይወጣሉ፤ ማንም ደንበኛ አይቋረጥም። ፋይሉ ስህተት ካለበትም አሮጌው ሥራውን ይቀጥላል። በተበላሸ ፋይል ሪስታርት ያደረገ ግን ድረ ገጹን በገዛ እጁ ዘጋው።

ሌላው የተለመደ እንቆቅልሽ ፎቶ የማይጫንበት ፎርም ነው። ኤንጂንኤክስ ካልነገሩት በቀር ከ1 ሜጋባይት በላይ አይቀበልም፤ የዛሬ ስልክ የሚያነሳው ፎቶ ከዚያ ይበልጣል። ደንበኛው 413 ያያል፣ ፕሮግራመሩ ደግሞ ጥያቄው ያልደረሰውን የራሱን ኮድ ሲፈትሽ ያድራል።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች መጭመቂያው፣ ጂዚፕ፣ የግድ ነው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ የላቲኑ 1 ብቻ ነው። የፊደሎቻችን የመጀመሪያ ባይት ሁሌም አንድ ዓይነት ስለሆነ ጽሑፉ በደንብ ይጨመቃል። ችግሩ ጂዚፕ ቢከፈትም ሌሎቹ ዓይነቶች በስም ካልተጠቀሱ የሚጨመቀው ኤችቲኤምኤል ብቻ መሆኑ ነው። ጄሰኑ፣ ጃቫስክሪፕቱ፣ ሲኤስኤሱ እንዳለ ይወርዳል፤ ዳታውን የሚከፍለው ደግሞ አንባቢው ነው። ይህን አንድ መስመር ሳይጽፉ ትልቅ ሰርቨር መከራየት ገንዘብ ማባከን ነው።

ኤፍ5 የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የኤንጂንኤክስ ባለቤት የሆነውን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በ670 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታል፤ ክፍት ኮዱ ግን ዛሬም በነጻ ይወርዳል።

እንግዲህ ድረ ገጽ ልታወጡ የተሰናዳችሁ፣ ሁለት ተርሚናል ክፈቱ። በአንዱ ሥሩ፣ በሌላው የኤንጂንኤክስን የስህተት መዝገብ ተከታተሉ። «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ካላችሁ ፕሮግራማችሁ አልተነሳም ወይም ፖርቱ ተሳስቷል፤ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካላችሁ የፋይል ፈቃዱን እዩ። ሰው ከመጠየቃችሁ በፊት መዝገቡን አንብቡ።