ተጽፎ ያለቀ ሥራ

አዲስ አበባ ላይ «ኮንትራክተር» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ሲሚንቶና ብረት ነው። በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ በሚኖረው ሐበሻ ዘንድ ግን ቃሉ ሌላ ሰው ይጠራል፤ በስድስት ወር ወይም በዓመት ውል፣ በሰዓት እየተከፈለው የአንድ ባንክ ወይም መሥሪያ ቤት ኔትወርክ፣ ዳታቤዝ ወይም ሶፍትዌር የሚይዝ ባለሙያ። ይህ ሰው ላለፉት ሠላሳ ዓመታት አንድ ስጋት አልተለየውም። ባንጋሎር ወይም ማኒላ ያለ ባለሙያ ይኸንኑ ሥራ በእኔ ደመወዝ ሩብ ከሠራው እኔን ማን ይፈልገኛል? የተለመደው መልስ «ርካሽ ጉልበት ያሸንፋል» የሚል ነው። ዋጋው አንዱ ምክንያት መሆኑ አይካድም፤ ብቻውን ግን የትኛው ሥራ እንደሚሄድና የትኛው እንደሚቀር አይነግረንም። በእኔ ግምት ባሕር የሚሻገረው በወረቀት ተጽፎ ያለቀ ሥራ ነው። የኮንትራት ባለሙያው ቀድሞ የሚመታውም ሥራው ገና ከመነሻው በውል ተዘርዝሮ ስለተጻፈ ነው።

ታሪኩን ስናየው ይኸው ይታያል (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ታታ ኮንሰልታንሲ ሰርቪስስ በ1968፣ ኢንፎሲስ በ1981 ተመሠረቱ፤ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ደግሞ በ1985 ባንጋሎር ውስጥ የራሱን ማዕከል ከፈተ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሕንድ ኩባንያዎች በብዛት የሚልኩት ሰው ነበር፤ ባለሙያው በአውሮፕላን ተሳፍሮ ደንበኛው ቢሮ ድረስ ይሄድ ነበር። ነገሩን የለወጠው የ2000 ዓ.ም. ጣጣ ነው። በኮቦል ቋንቋ የተጻፉ የድሮ ፕሮግራሞች ዓመትን በሁለት አኃዝ ብቻ መዝግበው ስለነበር በሚሊዮን የሚቆጠሩ የኮድ መስመሮች አንድ በአንድ መፈተሽ ነበረባቸው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን በአንድ ገጽ ተገልጾ ያልቃል፤ ሁለት አኃዝ ያለበትን ፈልግ፣ አራት አድርግ፣ ሞክር፣ መዝግብ። ለሩቅ አገር ሰው ለመስጠት ከዚህ የተሻለ ሥራ አይገኝም። የአሜሪካ ምክር ቤትም የውጭ ባለሙያ ለጊዜው የሚቀጠርበትን የኤች-ዋን-ቢ ቪዛ 65,000 የነበረ ዓመታዊ ጣሪያ ለ1999ና ለ2000 ወደ 115,000፣ ከ2001 እስከ 2003 ደግሞ ወደ 195,000 ከፍ አደረገው። በ2004 ጣሪያው ወደ 65,000 ሲመለስ ስጋቱ ያለፈ መሰለ። በዚያ መሐል ግን በኢንተርኔቱ ግርግር ዘመን ከባሕር ሥር የተዘረጋው የፋይበር ገመድ ከውድቀቱ በኋላ ዋጋው ረክሶ ስለነበር ሰው መላክ ራሱ ግድ መሆኑ ቀርቷል።

ለክርክሬ ዋና ማስረጃ የማደርገው የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮን ቁጥር ነው። ቢሮው «ኮምፒውተር ፕሮግራመር» እና «ሶፍትዌር ዴቨሎፐር» የሚባሉትን ለይቶ ይቆጥራል። ፕሮግራመር ማለት፣ በቢሮው አገላለጽ ጠቅለል ሲል፣ ሌላው የነደፈውን ወደ ኮድ የሚመልስ ነው፤ ዴቨሎፐር ደግሞ ምን እንደሚሠራ አብሮ የሚወስን። በ2000 አሜሪካ ውስጥ ከ500,000 በላይ ፕሮግራመሮች ነበሩ፤ በ2023 ግን 150,000 እንኳ አይሞሉም። በዚያው በ2023 የዴቨሎፐሮቹ ቁጥር ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ነበር። ከልዩነቱ ከፊሉ የስም ለውጥ ነው፤ ትናንት ፕሮግራመር ይባል የነበረው ዛሬ ዴቨሎፐር ተብሎ ይመዘገባል፣ ይህን መካድ አይገባም። ያም ሆኖ በአንድ አገር፣ በአንድ ደመወዝ ገበያ፣ ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን ከሚሠሩ ሁለት ሙያዎች አንዱ ሲሟሽሽ ሌላው ሲፋፋ ማየት «ርካሽ ጉልበት» በሚለው ብቻ አይፈታም፤ የሟሸሸው ሌላው ነድፎ የጻፈለትን የሚሠራው ነው።

ሥራ እንዴት ተጽፎ እንደሚያልቅ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በሙያው ቋንቋ «ኬቲ» ይባላል፤ የእውቀት ርክክብ ነው። ተሰናባቹ ባለሙያ ስክሪኑን ያጋራል፣ ስብሰባው ይቀረጻል። ሰርቨሩ ሌሊት ሲቆም መጀመሪያ የትኛውን ሎግ እንደሚከፍት፣ የትኛውን ፕሮግራም አጥፍቶ እንደሚያስነሳ፣ ካልሆነ ለማን እንደሚደውል እየተናገረ ሌላው ይጽፋል። ኒው ዮርክ በበጋ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ባንጋሎር ማታ 12 ሰዓት ተኩል ስለሆነ፣ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው እራቱን አቆይቶ ነው የሚጽፈው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለዓመታት በአንድ ሰው ጭንቅላት የነበረው ሁሉ ሰነድ ይሆናል። ቋሚ ሠራተኛ ላይ ይህ ሲደርስ ቢያንስ ጩኸት ይሰማል። በ1988 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ትልልቅ አሠሪዎች በጅምላ ሲያሰናብቱ የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ በውጭ ንግድ ምክንያት ሥራ ላጡ የሚሰጠው ድጎማም ከ2009 ጀምሮ የአገልግሎት ሠራተኞችን እስከ ማካተት ደርሶ ነበር፤ በ2022 ተቋረጠ እንጂ። የኮንትራት ባለሙያው ግን አይባረርም፤ ውሉ አይታደስም፣ በቃ። በሥራ ሰጪውና በእሱ መካከልም ብዙ ጊዜ ዋና ቬንደርና ንዑስ ቬንደር አሉ፤ እኛ ደላላ እንላቸው ነበር። ሁሉም ከሰዓት ክፍያው ድርሻቸውን ስለሚያነሡ ደንበኛው ዋጋ ሲያወዳድር የሚያየው ባለሙያው የሚያገኘውን ሳይሆን በየደረጃው የተቆለለውን ሒሳብ ነው። በዚህም ባለሙያው ሁለቴ ይጎዳል፤ ከሚያገኘው በላይ ውድ ይመስላል፣ ሲሄድ ደግሞ ማንም አይቆጥረውም።

ኢኮኖሚስቶች ለዚህ የቆየ መልስ አላቸው። በ2004 የፕሬዚዳንት ቡሽ የኢኮኖሚ አማካሪዎች ሊቀመንበር የነበሩት ግሪጎሪ ማንኪው አውትሶርሲንግ አዲስ የዓለም አቀፍ ንግድ መልክ እንደሆነና ለአገር እንደሚበጅ በመናገራቸው ከሁለቱም ፓርቲ ውርጅብኝ ወርዶባቸዋል። በአገር ደረጃ ሒሳባቸው ስህተት አይመስለኝም፤ ከላይ ያነሣሁት የዴቨሎፐሮች ቁጥርም ለእሳቸው ይመሰክራል። ሆኖም የአገር ድምር የሰውን መንገድ አያሳይም። ዴቨሎፐር የሚኮነው ብዙ ጊዜ ፕሮግራመር ሆኖ፣ ፕሮግራመር የሚኮነውም የሌላውን ስህተት እያረሙ ተቆይቶ ነው። መጀመሪያ የሚሄደው ይኸው የመሰላሉ ታችኛው እርከን ሲሆን ከላይ ያለው ደህና ይኖራል፣ ከታች የሚመጣው ግን መውጫ ያጣል።

ሌላው ተቃውሞ «ሥራው ተበላሽቶ ተመልሶ ይመጣል» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ይመጣል። ጄኔራል ሞተርስ በ2012 ከኮምፒውተር ሥራው 90 በመቶ ያህሉ በውጭ ድርጅቶች እጅ እንደነበር ገልጾ ድርሻውን ገልብጦ 90 በመቶውን በራሱ ሰዎች ለማሠራት ወሰነ፤ ኦስቲንን በመሳሰሉ ከተሞች ማዕከሎች ከፈተ፣ ከኤችፒ ብቻ 3,000 ያህል ሰዎችን ወደ ራሱ አዞረ። ብዙዎች ይህን የኮንትራት ሠራተኛው ድል አድርገው ይጠቅሱታል። እኔ ተቃራኒው ነው እላለሁ። የተመለሰው ሥራ የሄደው ወደ ቋሚ ቅጥር ነው። ኩባንያው የተረዳው ባሕር ማዶ መጥፎ እንደሆነ ሳይሆን፣ ለመጻፍ የሚያስቸግረውን እውቀት ለማንም ባለውል፣ የቅርብም ይሁን የሩቅ፣ መስጠት አደገኛ እንደሆነ ነው። ሕንድ ውስጥ አሁን የሚታየውም ተመሳሳይ ነው፤ የውጭ ኩባንያዎች ከ1,700 በላይ የራሳቸው ማዕከሎች እዚያ አሏቸው፣ ሠራተኛውም የራሳቸው ነው።

ለመጻፍ ከሚያስቸግር እውቀት ሌላ፣ ለሐበሻው ባለሙያ ብዙ ዘመን መጠለያ የሆነ አንድ አጥር አለ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ብዙ ሥራዎች የሴኩሪቲ ክሊራንስ (የደኅንነት ማጣሪያ ፈቃድ) ይጠይቃሉ፤ ክሊራንሱ ደግሞ በመሠረቱ ዜግነት ይፈልጋል። ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ ሰርቨር ማኒላ ሆኖ መንካት አይቻልም። ይህ አጥር ሥራውን ከባሕር ማዶ ተወዳዳሪ ጠበቀው፤ ከራሱ ከሥራ ሰጪው ግን አልጠበቀውም፤ በ2025 መንግሥት ራሱ በርካታ የማማከርና የቴክኖሎጂ ውሎችን ሰረዘ። በሌላ በኩል ተጽፎ ያለቀው ሥራ ባንጋሎርንም እየለቀቀ ነው። ታታ ኮንሰልታንሲ በ2025 ከሠራተኛው 2 በመቶ ያህሉን፣ 12,000 ገደማ ሰዎችን፣ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ኩባንያው ዋና ምክንያት ያደረገው የክህሎት አለመጣጣምን ነው፤ ቀላል ኮድ በሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚጻፍበት ዘመን ግን ያ ሐረግ ምን እንደሚሸፍን መገመት አይከብድም።

ኢትዮጵያ ወደዚህ ገበያ የገባችው እንዲህ በተለወጠበት ሰዓት ነው። ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በ2024 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በኦንላይን የሚሰጠው መሠረታዊ ፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ ትምህርት ነው። የሰዓቱ ጉዳይ እንኳ ለአዲስ አበባ ያደላል፤ ኒው ዮርክ በበጋ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን እዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፣ ከባንጋሎር ይልቅ ለደንበኛው ይቀርባል። ሆኖም ደንበኛው ለጀማሪ የሚሰጠው ያንኑ በአንድ ገጽ ተገልጾ የሚያልቀውን ሥራ ነው፣ ዋጋው በየዓመቱ የሚወርደውም እሱ ነው። ከዚህ ሥራ አልፎ የሚያሻግረው እውቀት፣ የአንድ ባንክ ሒሳብ ወር ሲዘጋ ለምን እንደሚንገዳገድ ማወቅ፣ ደንበኛው ራሱ ያልጻፈውን ጥያቄ መጠየቅ፣ የሚገኘው ከዚያው ባንክ ወይም ሆስፒታል ሲስተም አጠገብ ለዓመታት ተቀምጦ ነው። ያን መቀመጫ ደግሞ ለአዲስ አበባው ጀማሪ ሊሰጡት የሚችሉት የአዲስ አበባ ባንኮችና ሆስፒታሎች ናቸው።