ዜና ከየት ተነሥቶ ጆሯችን ይደርሳል?

(በሬዲዮ ከተላለፈ የመሠረተ ትምህርት ንግግር የተገለበጠ)

 

እንደሚታወቀው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ወላይትኛ ከማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ነበር። የቋንቋዎቹ ቁጥር በኋላ 15 ደርሷል። በዚያን ጊዜ ትልቁ ጉዳይ ፊደል መለየት ነበር። ዛሬ ግን ፊደል የቆጠረውም ያልቆጠረውም በእጁ ስልክ ይዟል፣ ወይም ልጁ ከስልክ እያነበበ ያሰማዋል። ስለሆነም ማንበብ ማለት ፊደሉን መለየት ብቻ ሳይሆን የተነበበውን መመርመርም ነው። የዛሬው ትምህርታችንም ዜናን እንዴት እንመርምር የሚል ይሆናል።

ዜና እንደ ዝናብ ከሰማይ የሚወርድ ነገር አይደለም። ሰው ያየዋል፣ ሰው ይመርጠዋል፣ ሰው ይጽፈዋል፣ ሰው ያሳልፈዋል ወይም ያስቀረዋል። በመሆኑም ዜና በሰማን ቁጥር ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይገባናል። የመገናኛው ባለቤት ማን ነው? ነገሩ በምን ቃል ተነገረ? ወደ እኔስ ማን አደረሰው? እስቲ እነዚህን ተራ በተራ እንመልከት።

አንደኛው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ብዙ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ የአገሩ ጋዜጣና ሬዲዮ በመንግሥት እጅ ስለነበሩ ነገሩ ተሸፈነ። በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ከዚያ ምን ሆነ ቢሉ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያንኑ ፊልም ከንጉሡ የድግስ ምስሎች ጋር አቀላቅሎ ለአዲስ አበባ ሕዝብ በቴሌቪዥን አሳየ። በማግስቱም ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ልብ በሉ፣ ረሃቡ እውነት ነበር፣ ድግሱም እውነት ነበር። ነገር ግን መጀመሪያ የተደበቀውም፣ ኋላ ተቀጣጥሎ የታየውም በባለሥልጣን ውሳኔ ነው።

ታዲያ ያንን የደበቀውን መንግሥት የኮነነው ደርግ ራሱ ከዐሥር ዓመት በኋላ ምን አደረገ? በ1976 ዓ.ም. ድርቁ እየከፋ ሳለ የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በዓል እስኪያልፍ ድረስ ስለ ረሃቡ በግልጽ አልተነገረም። ዓለም በስፋት የሰማው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የእንግሊዙ ቢቢሲ የማይክል በርክን ዘገባ ባሳየ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው ወላይታም ረሃቡ ከደረሰባቸው አካባቢዎች አንዷ ናት። የዚያን ዘመን ሰው ዛሬም በየመንደሩ አለ፣ ጠይቁት። ዜና ሲዘገይ እህሉም ይዘገያል፤ እህል ሲዘገይ ደግሞ ሰው ይሞታል። እንግዲህ የባለቤትነት ነገር የተማሩ ሰዎች ክርክር ብቻ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

ዛሬስ? ዛሬም እያንዳንዱ መገናኛ ባለቤት አለው። አዲስ ዘመን ጋዜጣን የሚያሳትመው የኢትዮጵያ ፕሬስ ድርጅት የመንግሥት ነው። የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽንም የሕዝብ ተብሎ በመንግሥት የተቋቋመ ነው። ሪፖርተርን የመሰለ ጋዜጣ ደግሞ የግል ሲሆን ከሽያጭና ከማስታወቂያ ይተዳደራል። የማኅበረሰብ ሬዲዮም አለ። ይህን የምንነግራችሁ ሬዲዮም ባለቤት አለው፤ እኛንም በዚሁ ሚዛን መዝኑን። ባለቤት ያለው ሁሉ ይዋሻል ማለታችን አይደለም። ባለቤቱ የማይወደው ነገር ሲሆን ዝም ይባል እንደሆነ፣ ወይም በዝግታ ይነገር እንደሆነ እንድትጠብቁ ነው።

ሁለተኛው የአነጋገር ጉዳይ ነው። ለምሳሌ ያህል በሶዶ ገበያ የበቆሎ ዋጋ ጨመረ እንበል። አንዱ መገናኛ «ነጋዴዎች ዋጋ አናሩ» ይላል። ሌላው «በዝናብ እጥረት ምርት ቀነሰ» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ገበሬው ለምርቱ የተሻለ ዋጋ አገኘ» ይላል። ሦስቱም ሐሰት ላይሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን የመጀመሪያውን የሰማ በነጋዴው ይቆጣል፣ ሁለተኛውን የሰማ ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል፣ ሦስተኛውን የሰማ ደስ ይለዋል። አንድ ገበያ፣ አንድ ዋጋ፣ ሦስት ስሜት! ወገንተኝነት ማለት እንግዲህ ውሸት መናገር ብቻ አይደለም። ከእውነቱ ውስጥ የሚስማማን ቁራሽ አንሥቶ ሌላውን መተውም ወገንተኝነት ነው።

ሦስተኛውና አዲሱ ጉዳይ አድራሹ ነው። በጋዜጣ ጊዜ የትኛው ዜና በፊተኛው ገጽ ይውጣ ብሎ የሚወስነው አዘጋጁ ነበር። በፌስቡክ፣ በዩቲዩብና በቲክቶክ ግን በአብዛኛው የሚወስነው አልጎሪዝም የሚባል ቀመር ነው። ይህ ምንድነው? የገበያ ደላላን አስቡ። ዐይናችሁ የት እንደቆመ፣ የትኛውን ዕቃ እንደነካችሁ፣ ከማን ጋር እንደተከራከራችሁ አይቶ፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ያንኑ ዐይነት ይዞ ይጠብቃችኋል። ቀመሩም እንደዚሁ ነው። የቆማችሁበትን፣ የተቆጣችሁበትን፣ ለሌላ ያስተላለፋችሁትን ይመዘግባል፤ ከዚያም የሚመስለውን ያቀርብላችኋል። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ገቢው በአብዛኛው ከማስታወቂያ ስለሆነ፣ ሰው ብዙ በቆየ ቁጥር ያተርፋል። ቁጣ ደግሞ ሰውን ያቆያል። ስለዚህ ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ቀን፣ በአንድ ዐይነት ስልክ፣ ፈጽሞ የተለያየ ዜና ያያሉ። ከዚያም ቡና ላይ ተገናኝተው «አልሰማህም እንዴ?» «አንተስ ይህን አላየህም?» ይባባላሉ።

ፌስቡክ በ2010 ዓ.ም. ቀመሩን ለውጦ ብዙ አስተያየትና ብዙ መቀባበል ያገኘውን ጽሑፍ የበለጠ ከፍ ማድረግ ጀመረ። መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. የድርጅቱ ሠራተኛ የነበረችው ፍራንሲስ ሆገን በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርባ ይህ ዐይነቱ አሠራር እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች የብሔር ግጭትን እያባባሰ ነው ስትል መስክራለች። በዚያው ጊዜ በእንግሊዝ ፓርላማ ፊት ደግሞ የድርጅቱ የጥበቃ ሥርዓት ከኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሚሸፍነው ሁለቱን ብቻ ነው ብላለች። ድርጅቱ በበኩሉ በ2014 ዓ.ም. በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በትግርኛ የሚወጡ ጽሑፎችን መመርመር እንደሚችል አስታወቀ። ወላይትኛ ከአራቱ አልነበረም። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ግን ወላይትኛን አፍ የፈታበት ሕዝብ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ነበር። ከዚህ የምንማረው ምንድነው? በቋንቋችን የተጻፈ ክፉ ወሬ ቢመጣ ሩቅ አገር ያለ ድርጅት ያጠራልናል ብለን መተኛት አይገባንም። መጀመሪያ ማጥራት ያለብን እኛው ነን።

አሁን ያልነውን በአካባቢያችን በሆነ ነገር እንፈትነው።

ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በስድስት ዞኖችና በአምስት ልዩ ወረዳዎች ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ምርጫ ቦርድ የሌሎቹን ውጤት ሲቀበል የወላይታ ዞንን ግን የሕግ ጥሰት ተፈጽሟል በማለት አልተቀበለውም። በዞኑ ሰኔ 12 ቀን 2015 ዓ.ም. እንደገና ድምፅ ተሰጠ። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የተመሠረተው ከዚያ በኋላ በነሐሴ ወር ነው። እዚህ ላይ ድምፅ መስጠት አንድ ነገር ነው፣ መቁጠር ሌላ ነገር ነው፣ ውጤቱ መጽደቅ ደግሞ ሌላ ነው። በየጣቢያው የተለጠፈውን ቁጥር አይቶ «አለቀ፣ ደቀቀ» ብሎ በስልክ ያሰራጨ ሰው ሦስቱን አደባልቋል ማለት ነው።

ሁለተኛ ምሳሌ እንጨምር። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንዶ ብዙ ወገኖቻችን አለቁ። ለማዳን የሮጡትም በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ። በማግስቱ የሟቾች ቁጥር 146 ተባለ፤ ቆይቶ 157፤ ከዚያ 229። ጥቂት ቀን ቆይቶ የተባበሩት መንግሥታት 257 አለ። ታዲያ የዋሸው ማን ነው? የግድ የዋሸ ሰው የለም። ቁፋሮው በቀጠለ ቁጥር ብዙ አስከሬን ይገኝ ነበርና። ስለዚህ ቁጥር ስትሰሙ «ስንት?» ብቻ አትበሉ፤ «የመቼ ነው? ማን ቆጠረው?» በሉ።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185 መኖሩንም ማወቅ ያስፈልጋል። ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው። አባቶቻችን «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ያሉት ከዚያ በፊት ላለችው ጊዜ ነው። ወሬውን ወደ ሌላ ሰው ከማስተላለፋችሁ በፊት ያለችው ያች ጥቂት ደቂቃ በእናንተ እጅ ናት።

የተከበራችሁ አድማጮች! የዚህ ሳምንት የቡድን ሥራችሁ የሚከተለው ነው። በየአድማጭ ቡድናችሁ አንድ ዜና ምረጡ። አንዱ ከሬዲዮ፣ አንዱ ከጋዜጣ፣ አንዱ ከስልክ ይዞ ይምጣ። ማንበብ የማይችል ሰው ካለ ከጎኑ ያለው ያንብብለት፤ ያዳመጠው ደግሞ በራሱ ቃል መልሶ ይናገር። ከዚያም በሦስቱም ውስጥ የተነገረውን በአንድ ወገን፣ በአንዱ ብቻ ያለውን በሌላ ወገን ጻፉ። የማን ድምፅ እንደቀረም ተወያዩ። የገበሬዋ ነው? የነጋዴው ነው? የቀበሌው ነው? የጠፋውን ድምፅ ያገኘ ቡድን ትምህርቱ ገብቶታል።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ሥዕልና ፎቶግራፍ እንዴት እንደሚመረመር እንመለከታለን። እስከዚያው በደኅና ቆዩን።